አስፋልት ስላለቀ ብቻ ኦፍሮድ አይባልም

የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይህችን አባባል በደንብ ያውቃታል፦ «ኦፍሮድ ያልወጣች፣ በከተማ ብቻ የተነዳች»። ደላላው በኩራት ይናገራታል፣ ገዢውም ደስ ይለዋል። ግን ሻጩን «ኦፍሮድ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ከአዲስ አበባ አልወጣችም ማለቱ ነው። ሌላው ለፊልድ ሥራ አልተከራየችም ማለቱ ነው። ሦስተኛው አስፋልት ካለቀበት አላለፈችም ብሎ ይምላል። ይሄ ሦስተኛው ሰው ከኮዬ ፈጬ ወይም ከአራብሳ ጀርባ የሚኖር ከሆነ ግን መኪናዋ በየጠዋቱ ከግቢ ወጥታ ዋናው መንገድ እስክትደርስ ምን ላይ ስትሄድ ኖረች?

ተራ ክርክር ይመስላል። ገንዘብ ሲገባበት ግን ይከራል። መኪና አከራይ ለከተማና ለፊልድ የተለያየ ዋጋ ይጠይቃል። ውሉ ላይ «ኦፍሮድ መንዳት ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይጻፍም። ተከራዩ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ መናገሻ ሱባ ጫካ ደርሶ ይመለሳል። በእሱ ቤት መንገድ ላይ ነበር፤ ሌሎች መኪኖችም ነበሩ። አከራዩ ሰኞ ጠዋት ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሆድ ሲያይ የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው። ከዚያ ንትርክ ነው። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስለኝም፤ የያዙት መለኪያ ነው የተለያየው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ኦፍሮድን የሚወስነው መኪናው አይደለም። የአስፋልት መኖር አለመኖርም አይደለም። የሚወስነው በዚያች ሰዓት ያለው መሬት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ የጥርና የሐምሌ መሬት ለየቅል ነው።

ፒስታ፣ ኮረኮንች፣ ጥርጊያ

ፒስታ መንገድ ነው። የተጠቀጠቀ ጠጠር አለው፣ ግራና ቀኙ የውኃ መውረጃ አለው፣ ወንዝ ሲደርስ ድልድይ ወይም ቱቦ አለው። ሰው አስቦበት የሠራው ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማውም ይኸው ነበር፦ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት። እዚህ ላይ አይሱዙ እህል ጭኖ ይመላለሳል። ዶልፊን ጣሪያው ላይ ዶሮና ጆንያ ደርድሮ ይከንፋል። አቧራው ቢያንቅም፣ መኪናው ቢንቀጠቀጥም፣ ፒስታ ላይ ላንድክሩዘር መንዳት ምቾት ነው እንጂ ኦፍሮድ አይደለም። የፒስታ አደጋው ፍጥነት ነው። ልቅ ጠጠር ላይ በ80 እየበረሩ ድንገት መሪ መጠምዘዝ ከባድና ረጅም መኪና ይገለብጣል። ፎርዊል (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) መሆኑ አያድንም፤ ፎርዊል ለመሄድ እንጂ ለመቆም አያግዝም።

ኮረኮንች ትንሽ ይብሳል። ጠጠሩን ጎርፍ ጠርጎት ድንጋዩ ያገጠጠበት ነው። ቁልቁለት ላይ ያሉ የዳር ሰፈሮች ነዋሪዎች ያውቁታል። እዚህ የሚፈለገው የመኪና ከፍታ ነው። ቪትዝ ሆዷ ከመሬት 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ፕራዶ 21 ገደማ። ይህች ልዩነት የዘይት ኮፓ ከመበሳት ታድናለች። ግን አስተውሉ፤ የተጠየቀው ከፍታ ነው እንጂ ፎርዊል አይደለም። መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ ጎማ ይይዛል። በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው ሚኒባስም ቀኑን ሙሉ ሲመላለስበት ይውላል።

ጥርጊያው ላይ ስንደርስ ነው ነገር የሚወሳሰበው። ማንም አልነደፈውም። መጀመሪያ ሰውና አህያ ሄዱበት፣ ከዚያ ጋሪ፣ ከዚያ ብሎኬት የጫነ መኪና። ጠጠር የለው፣ ቦይ የለው። ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። በከተማዋ ዙሪያ አዲስ የተሸነሸነ ቦታ ያገኘ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፦ ቤቱ ይቀድማል፣ መንገዱ ይከተላል፣ በመሃል ያሉት ዓመታት በቦቲ ጫማ ያልፋሉ። ታዲያ ጥርጊያ መንገድ ነው ወይስ ኦፍሮድ? መልሱን ከመስጠቴ በፊት ወሩን ንገሩኝ።

ዋልካ

ከአቃቂ ወደ ዱከም፣ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ፣ ከሰበታ አልፎ ወደ ተፍኪና በቾ ሜዳ ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው። መረሬ የሚሉት አሉ፣ ኮትቻ የሚሉትም አሉ። በአገሪቱ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ጤፍና ሽምብራ ይወዱታል፣ መንገድ ሠሪ ይጠላዋል። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የቤት ግድግዳ የሚሰነጥቀው፣ አስፋልት የሚያጎብጠው እሱ ነው። መንገድ ሠሪዎች ዋልካውን ቆርጠው አውጥተው ሌላ አፈር የሚሞሉት ወደው አይደለም።

በጥር እዚህ መሬት ላይ ያለ ጥርጊያ ድርቅ ያለ ነው። ቪትዝ ሳትቀር ትሄድበታለች። በሐምሌ ያው መስመር፣ ያው ሁለት የጎማ ፋና፣ ላንድክሩዘር ይውጣል። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። መሬቱ በዚህ ጊዜ ጠግቦ ሌላ መጠጣት አቅቶታል።

ዋልካ ጎማን የሚይዝበት መንገድ ቀረብ ተብሎ መታየት አለበት። መጀመሪያ የጎማው ጥርስ ይሞላል። ጥርሱ ሲሞላ ጎማው ልሙጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ውድ የጭቃ ጎማና ያለቀ የከተማ ጎማ ብዙም አይለያዩም። ከዚያ ጭቃው እየተጠቀለለ ይወፍራል። ሣርና ገለባ አብሮ ስለሚጠቀለል፣ ለግድግዳ የተቦካ ጭቃን ጭድ እንደሚያያይዘው ያያይዘዋል። በመጨረሻ በጎማውና በመኪናው አካል መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። ጎማው መዞር ያቆማል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። እዚህ ላይ ነዳጅ መጨመር ጉድጓድ መቆፈር ነው። የሚያዋጣው ወርዶ በእንጨት ወይም በብረት እየፋቁ ማውጣት ነው።

መለኪያዬም ከዚህ ይነሳል። መሪና ፍጥነት ብቻ እየተቆጣጠራችሁ የምታልፉበት ሁሉ መንገድ ነው፣ የቱንም ያህል ቢያስጠላ። ኦፍሮድ የሚጀምረው ከመኪና ወርዳችሁ በእግራችሁ ማየት ያለባችሁ ቦታ ላይ ነው። ጭቃው ምን ያህል ይጠልቃል? ከሥሩ ድንጋይ አለ ወይስ ዝም ብሎ ይሰምጣል? የግራ ጎማ በየት፣ የቀኙ በየት ይለፍ? ባይሆንልኝ በየት እመለሳለሁ? ማርሹም ከመግባት በፊት ነው የሚመረጠው፤ መሃል ላይ ለመቀየር መሞከር መቆም ነው። ይህን ሁሉ ሳታስቡ ማለፍ ካልቻላችሁ፣ ፊት ለፊታችሁ ኮንዶሚኒየም ቢታይም ኦፍሮድ ላይ ናችሁ። በአንጻሩ ጣሪያው ላይ መብራት የተደረደረበት፣ ጀርባው ላይ ጎማ የተንጠለጠለበት መኪና ይዛችሁ በጥር ሱባ ጫካ ደርሳችሁ ብትመለሱ ሽርሽር ነው የወጣችሁት። ጥሩ ሽርሽር።

አከራዮችም «ኦፍሮድ» ከሚሉ «ከሰኔ እስከ መስከረም ጠጠር ከሌለው መንገድ አይገባም» ብለው ቢጽፉ ግማሹ ንትርክ ይቀር ነበር።

ውኃ ላይ መለኪያው ይጠብቃል። አምራቹ ሃይለክስ 70 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያልፋል ሲል እየተጋፋ የሚወርድ ጎርፍ ማለቱ አይደለም። እናንተ ጋ ጠብ ሳይል እንጦጦ ላይ ዘንቦ የአቃቂ ገባሮች ሊሞሉ ይችላሉ። የሚሮጥ ውኃ መኪና ያንሳፍፋል፣ ፎርዊልም ቢሆን። በእግራችሁ የማትደፍሩትን በመኪና አትሞክሩት።

«ፎርዊል ናት» ሲባል

ፎርዊል የሚባሉት መኪኖችም አንድ ዓይነት አይደሉም። አሁን አሁን የሚሠሩት ባለ ፎርዊል ራቭ ፎሮች ብዙዎቹ በአዘቦቱ በፊት ጎማ ነው የሚሄዱት። የፊቱ ሲንሸራተት ጉልበት ወደ ኋላ ይላካል። ለእርጥብ አስፋልትና ለፒስታ ከበቂ በላይ ነው። ረጅም ጭቃ ውስጥ ብዙ ሲንሸራተት ግን ጉልበት የሚያስተላልፈው ክፍል ይሞቅና ራሱን ለማዳን ሥራ ያቆማል። ዝቅተኛ ማርሽም የላቸውም።

ሃይለክስና ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሌላ ናቸው። 2ኤች ላይ የኋላ ጎማ ብቻ ይነዳል። 4ኤች ሲገባ የፊትና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው የሚያቻችል ነገር የለም። በደረቅ አስፋልት ላይ 4ኤች አስገብቶ መታጠፍ የማይመከረው ለዚህ ነው። በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ርቀት አይሄዱም። መሬቱ ትንሽ ካላንሸራተተ ውጥረቱ ማርሽና ዘንግ ላይ ያርፋል። ከተማ ውስጥ ዳመና ባየ ቁጥር 4ኤች የሚያስገባ ሹፌር አይጠፋም። ጎማው ሲበላ ግን ጥፋቱን የጎማው ያደርገዋል።

4ኤል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚነዳበት ዝቅተኛው ማርሽ፣ ደግሞ መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ነው የሚገባው። በሃይለክስ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከ2.5 እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ብዙ ሰው ከጭቃ ለመውጫ ብቻ ይመስለዋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቀስ ማለት መቻሉ ነው። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ እግራችሁን ከፍሬኑ ብታነሱ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የረር ተራራ 3,100 ሜትር ገደማ፣ የወጨጫ ተራራ ከ3,300 በላይ ነው። አየር ሲሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ይደክማል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ገደማው፣ ወጨጫ ጫፍ አካባቢ ሲሶው የለም ማለት ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ለዓመታት የነዱት ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ተርቦ የለውም። ጅቡቲ ላይ በ4ኤች የሚወጣውን ዳገት እዚህ በ4ኤል ቢወጣው ሊፈረድበት አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። ፎርዊል መኪና ሁለት ጎማው ጠንካራ መሬት እየረገጠ ሊቆም ይችላል። ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ሁልጊዜ የሚያደላው በቀላሉ ለሚዞረው ጎማ ነው። የፊት ግራው ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ የኋላ ቀኙ ጭቃ ውስጥ ከገባ፣ ሁለቱ ባዶውን ይሽከረከራሉ፤ መሬት የያዙት ሁለቱ ይቆማሉ። ጥርጊያን የሚያቋርጥ ቦይ በሰያፍ ሲገባበት ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነው። መፍትሔው ሁለቱን ጎማ አስሮ እኩል የሚያዞር ዲፈረንሻል ሎክ ነው፣ ወይም የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ ኤሌክትሮኒክስ። ሁለቱም ከሌሉ ድንጋይና አካፋ። የሰፈሩ ልጆች ቀድመው ይደርሳሉ፤ መጀመሪያ ዋጋ፣ ከዚያ መግፋት።

የጎማ ንፋስ መቀነስ ምንም የማያስወጣ እርዳታ ነው። ከ35 ፒ.ኤስ.አይ ወደ 20 ገደማ ሲወርድ ጎማው ይንጣለልና ክብደቱ ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያርፋል። ግን መንፊያ ያዙ። በዚያው ንፋስ አስፋልት ላይ መሮጥ ጎማ ይፈጃል፣ ጎሚስታው ደግሞ ሁልጊዜ ካሰባችሁት በላይ ይርቃል። ከተጎተታችሁም ገመዱን ሻንሲው ላይ ባለው መንጠቆ እሰሩ። ተሳቢ የሚያያዝበት ኳስ ላይ ከታሰረ ተነቅሎ ሰው ሊገድል ይችላል። ልጆቹንም ከገመዱ አርቁ።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል። ለስድስት ዓመት በየቀኑ ኮረኮንች የተመላለሰች መኪና፣ በበጋ ተጠንቅቆ ጥቂት ጊዜ ወጨጫ ከወጣችው የበለጠ ልትጎዳ ትችላለች። ባሌስትራዋን እዩ፣ የሞላዎቿን ላስቲክ እዩ፣ ሻንሲው ውስጥ የደረቀ ጭቃ መኖሩን በባትሪ መብራት እዩ። 4ኤል መግባቱንም ሞክሩ። ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ የሚጣበቅ አለ፤ «ኦፍሮድ አልወጣችም» የሚለው አንዳንዴ እንዲህም ይገለጣል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ አዲስ መልክ ይዟል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ከተማዋ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፎርዊል ናቸው፦ አንድ ሞተር ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ በመካከል የሚያገናኝ ዘንግ የለም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና እንጦጦ ላይ ያለው ጉልበት ሞጆ ላይ ካለው አያንስም። ከቆመበት ሙሉ ጉልበት ይሰጣል። በዚህ በኩል ካየነው ለደገኛ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሆዱ ላይ ያለው ባትሪ ግን ጨዋታውን ይቀይረዋል። የመኪናው ውዱ ዕቃ ድንጋይ ሊመታው በሚችልበት ቦታ ተዘርግቷል። ኮፓ ቢበሳ በየትኛውም ጋራዥ ይበየዳል። የባትሪ ሳጥን ሲጎዳ ግን ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና በከተማ ጎማ ዋልካ ውስጥ ሲገባም ጀርባው ላይ የተለጠፈው የፎርዊል ጽሑፍ አያወጣውም። ለፒስታ ይሁን፣ ችግር የለም። ለሐምሌ ጥርጊያ ግን ከአሮጌ ሃይለክስ ጋር አታወዳድሩት።

ጭቃውን መዞር

እስካሁን ያወራሁት ስለ መንገዱ ክፋት ነው። ሌላኛው ኦፍሮድ ግን ሹፌሩን አያስቸግርም። እሱም መንገዱን ትቶ ሜዳው ላይ መውጣት ነው።

ሁላችንም ያየነው ነገር ነው። ጥርጊያው መሃል ጭቃ ተኝቷል። የመጀመሪያው ሹፌር በመሃሉ ያልፋል። ሁለተኛው ፋናው መጥለቁን አይቶ በማሳው ዳር ይዞራል። ሦስተኛው የሁለተኛው ፋና ስለቦካ ከሱም ወዲያ ይወጣል። ሰኔ ላይ 3 ሜትር የነበረ መንገድ ነሐሴ ላይ 20 ሊሆን ይችላል። የጨመረው ሁሉ የአንድ ሰው ጤፍ ነበር። እርጥብ ዋልካ ላይ ጎማ ሲያልፍ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ ውኃ ይተኛበታል፣ በሚቀጥለው ዓመት ማረሻ ይከብደዋል። ተዳፋት ከሆነ ደግሞ የጎማው ፋና ውኃ ይዞ ቦረቦር ይሆናል።

የሚገርመው ችሎታ የሚጠይቀው በጭቃው መሃል ማለፉ ነው። ወርዶ ማየት፣ 4ኤል ማስገባት፣ ንፋስ መቀነስ፣ ሳይቸኩሉ ማለፍ። ይህን የሚያደርግ ሹፌር መንገዱ ላይ ነው ያለው። ለመዞር ግን መሪ ከማጠፍ በቀር ምንም አያስፈልግም። «ኦፍሮደር ነኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ሲያደርግ ነው የማየው። የሚያልፍበት አቅም ከሌለ መመለስ አለ፤ ቆሞ መሬቱ እስኪጠነክር መጠበቅም አለ። ዝናቡ ካባራ ጥቂት የፀሐይ ሰዓታት ብዙ ነገር ይለውጣሉ።

የከተማ ዓይንም ያታልላል። ከመስቀል በኋላ ባዶ የሚመስለው ጥቁር መሬት ብዙ ጊዜ የተዘራ ነው። ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሲያበቃ ተዘርተው በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚያድጉ ናቸው። የሱሉልታ ሜዳም በክረምት ውኃ ተኝቶበት ሲታይ ለጭቃ ጨዋታ የተተወ ይመስላል። የከብት ግጦሽና የድርቆሽ ሣር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይዞታው ግን ባለቤት አለው፣ ሰብሉም እንዲሁ። ማሳ ላይ ወጥታችሁ ካበላሻችሁ ባለቤቱን ፈልጋችሁ ካሱ። ሰሌዳ ቁጥራችሁ እስኪያዝ አትጠብቁ።

መሬት ላይ በነፃነት መንዳት ለሚወድ ሰው ጊዜው ጠባብ ነው። ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ሽምብራው እስከ የካቲት ይቆያል። ከዚያ በኋላ የበልግ ዝናብ እስኪጥል ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፣ እሱም አንዳንድ ዓመት የለም። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ አናግሩት። ማሳው የማን እንደሆነ፣ የቱ ጋ ቦይ እንዳለ፣ የቱ መሬት ከላይ ደርቆ ከታች እንደሚሰምጥ ከስልካችሁ ካርታ በላይ ያውቃል።